ሠዓሊና ገጣሚ ገብረ ክርስቶስ ደስታ፦ ከሐረር የብራና ሐረግ እስከ ስድስት ኪሎ ሙዚየም

ከወልቂጤም ሆነ ከቡታጅራ ተነሥቶ በአዲስ አበባ የሚገኙትን የሥነ ጥበብ ቤቶችና አደባባይ ላይ የቆሙ ሥራዎችን ለመጎብኘት የሚያቅድ ሰው፣ ከሁሉ አስቀድሞ በማስታወሻው ሊያሰፍረው የሚገባ አንድ ቤት በስድስት ኪሎ ይገኛል። ይኸውም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚተዳደረውና በሠዓሊና ገጣሚ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ስም የተሰየመው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ነው። ሁለቱ ከተሞች ከመዲናዋ የሚርቁት ከ130 እስከ 160 ኪሎ ሜትር ባለው ክልል ውስጥ በመሆኑ፣ ማለዳ የተነሣ መንገደኛ ረፋዱ ላይ ከደጃፉ ሊደርስ ይችላል። ይሁን እንጂ ቤቱ ስማቸውን የተሸከመላቸውን ሰው ሕይወት ሳያውቁ በሥዕሎቻቸው ፊት መቆም ደብዳቤን ያለ አድራሻው እንደማንበብ ይሆናል።

ገብረ ክርስቶስ ደስታ እ.ኤ.አ. በ1932 በሐረር ከተማ ተወለዱ። አባታቸው አለቃ ደስታ ነገዎ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት የበሰሉ፣ ብራና የሚጽፉ፣ የጻፉትንም በሐረግና በሥዕል የሚያስጌጡ ሊቅ ነበሩ። እናታቸው ወይዘሮ አፀደ ማርያም ወንድማገኘሁ ልጃቸው ነፍስ ሳያውቅ ስላረፉ፣ ሕፃኑ ያደገው በአባቱና በቤተሰቡ እጅ ነው። በዚያ ቤት ቀለም ከገበያ የሚገዛ ነገር አልነበረም። የብራና ጸሐፍት ልማድ እንደሚያስረዳው ጥቁሩ ከጥላሸትና ከቅጠላ ቅጠል ተቀምሞ ለወራት ይብላላል፤ ቀዩ ደግሞ ለቅዱሳን ስምና ለምዕራፍ መጀመሪያ ብቻ ይቆጠባል። የፍየሉ ቆዳ ተወጥሮ፣ ተፍቆና ለስልሶ ገጽ እስኪሆን ድረስ ያለው ድካም ከጽሕፈቱ የሚያንስ አይደለም።

በቤተ ክርስቲያን የአሣሣል ሥርዓት ጻድቃን ፊታቸውን ሙሉ ለሙሉ ወደ ተመልካቹ አዙረው በሁለት ዓይን ሲሣሉ፣ ኃጥአንና አጋንንት ግን በጎን ታይተው በአንድ ዓይን ይሣላሉ። ትልቁ ሰው በሥዕሉም ትልቅ ነው፤ የሩቁና የቅርቡ ልዩነት ከክብር ልዩነት ያንሳል። ይህ ሥርዓት ዓይን ያየውን ሳይሆን ልብ ያመነውን የሚያሳይ በመሆኑ፣ በኋላ ዘመን ገብረ ክርስቶስ የሣሏቸውን ረቂቅ ሥዕሎች ከውጭ የመጡ ባዕድ ነገሮች አድርገው የተቹ ሰዎች የዘነጉት ነገር ቢኖር ይኸው ነው። የአገሪቱ ጥንታዊ ሥዕል ራሱ ተፈጥሮን እንዳለ መቅዳትን ዓላማው አድርጎ አያውቅም ነበር።

ሐረር በዚያን ጊዜ በጀጎል ግንብ የታጠረች፣ በአምስቱ በሮቿ ግመልና አህያ፣ ቡናና ጫት፣ ሶማሊኛና ኦሮምኛ፣ አማርኛና ሐረሪኛ የሚገቡባትና የሚወጡባት ከተማ ነበረች። ገብረ ክርስቶስ ገና አራት ዓመት ገደማ ሳሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1936፣ ከተማዪቱ በፋሺስት ኢጣሊያ ጦር ተያዘች። እስከ 1941 የዘለቀው የወረራ ዘመን የሕፃንነታቸው ዘመን ሆነ።

በሕፃንነታቸው ከደረሰባቸው ሁሉ ግን ዕድሜ ልካቸውን ያልተለያቸው የሥጋ ደዌ በሽታ ነበር። በዚያን ዘመን ሥጋ ደዌ በኅብረተሰቡ ዘንድ እንደ እርግማን ይቆጠር ስለነበር፣ በሽተኛው ከአካሉ ጉዳት ይልቅ ከማዕድና ከማኅበር መገለሉ ይጎዳው ነበር። ብዙዎች ከቤታቸው ወጥተው በቤተ ክርስቲያን ደጅና በከተማ ዳር ይኖሩ ነበር። ገብረ ክርስቶስ ግን ከሰው መካከል አልወጡም። ትምህርታቸውን ተከታተሉ፤ ከእኩዮቻቸው ጋር ዋሉ፤ ብሩሽ ጨበጡ። በሽታው በገጻቸውና በእጃቸው ላይ ምልክቱን ቢተውም፣ ሥራቸውን በበሽታቸው ብቻ ለመተርጎም መሞከር ለሰውየውም ለሥዕሉም የሚበቃ አይሆንም። በሌላ በኩል ደግሞ ስለ ብቸኝነት፣ ስለ ተዘጋ መንገድና ስለ ሰፊ ጠፈር ደጋግመው የጻፉና የሣሉ ሰው ይህን ሸክም ተሸክመው እንደነበር መርሳት አይቻልም።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በሐረር ካጠናቀቁ በኋላ ወደ አዲስ አበባ መጥተው በኮተቤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትና በጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ተማሩ። ቀጥሎም ወደ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ገብተው የሳይንስ ትምህርት ጀመሩ። በዚያን ዘመን ኮሌጅ የገባ ወጣት የወደፊት ሕይወቱ እንደተደላደለ ይታሰብ ነበር፤ ሥዕል ደግሞ የደብተራ ሥራ ወይም የትርፍ ጊዜ ጨዋታ እንጂ የተማረ ሰው መተዳደሪያ ተደርጎ አይቆጠርም ነበር። ገብረ ክርስቶስ ግን በሁለተኛው ዓመት ገደማ ኮሌጁን ትተው ወደ ቀለሙ ዞሩ። በአገሪቱ ታሪክ የመጀመሪያ የሆነው ዘመናዊ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም መሥራችነት ሥራውን ሲጀምር እርሳቸው የነጻ ትምህርት ዕድል አግኝተው ወደ ምዕራብ ጀርመን ተጓዙ።

እ.ኤ.አ. ከ1957 እስከ 1961 የተማሩባት የኮሎኝ ከተማ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአውሮፕላን ድብደባ የፈራረሰችና በዚያን ጊዜ ገና በመጠገን ላይ የነበረች ናት። በናዚ ዘመን አዳዲስ የአሣሣል ስልቶች የተዋረዱ፣ ከሙዚየም የተነቀሉና የታገዱ ስለነበሩ፣ ከጦርነቱ በኋላ የጀርመን ሠዓልያን የተከለከሉትን ነገር በእጥፍ ጉጉት ይዘውት ነበር። ገብረ ክርስቶስ የደረሱት ረቂቅ ሥዕል የነጻነት ምልክት ተደርጎ በሚታይበት በዚህ ወቅት ነው። ከጦርነቱ በፊት በጀርመን የሠሩትን የእነ ካንዲንስኪን መንገድ በቅርብ አጠኑ፤ የአውሮፓን ሙዚየሞች ተዘዋውረው ጎበኙ። ትምህርታቸውንም በከፍተኛ ውጤት አጠናቀቁ።

እ.ኤ.አ. በ1962 ወደ አገራቸው ሲመለሱ በአዲስ አበባ የነበረው የሥዕል ገበያ በአብዛኛው ሁለት መልክ ነበረው። አንደኛው በባህላዊው መንገድ የሚሣለው የንግሥተ ሳባ ታሪክ፣ የዐድዋ ጦርነትና የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ሲሆን፣ ሌላው ሰውንና መልክዓ ምድርን እንደሚታየው አድርጎ የሚያሳየው የአካዳሚ አሣሣል ነው። ሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌ በአፍሪካ አዳራሽ የሠሩት 150 ካሬ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ባለቀለም የመስታወት ሥዕል ገና አንድ ዓመቱ ነበር። ገብረ ክርስቶስ በዚህ መካከል በቀጣዩ ዓመት የግል ዐውደ ርእያቸውን ሲያሳዩ ተመልካቹ ለሁለት ተከፈለ። ከፊሉ አዲስ ነገር ስላየ ተደነቀ፤ ከፊሉ ደግሞ ምንነቱ ያልታወቀ ቀለም በሸራ ላይ ፈሰሰ ብሎ አማረረ። ክርክሩ የተማሩ ሰዎችን ሁሉ የነካ ነበር። ኢትዮጵያዊ ሥዕል ማለት ርእሱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ነው ወይስ ሠዓሊው ኢትዮጵያዊ የሆነ? የሚለው ጥያቄ በግልጽ የተነሣው ያን ጊዜ ነው።

የዚያ ዘመን ሥራቸው የሆነው ጎልጎታ ለክርክሩ ጥሩ ማሳያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 የተሣለው ይህ ሥዕል ርእሱ የአባታቸው የብራና ርእስ ነው፤ አሣሣሉ ግን ሌላ ነው። ቀይ በነገሠበት ሸራ ላይ የተሰቀለው አካል ዝርዝሩን አጥቶ ሥቃዩ ብቻ ቀርቷል። በብራናው ላይ ለቅዱስ ስም ተቆጥቦ የነበረው ቀይ ቀለም እዚህ ላይ ገጹን ሁሉ ወርሶታል ማለት ይቻላል። በሌሎች ሥራዎቻቸው ደግሞ የከተማይቱን ተደራራቢ የቆርቆሮ ጣራዎች ወስደው ወደ አራት ማዕዘናት፣ ወደ ዝገትና ወደ ጥላ ለውጠዋቸዋል። ከመርካቶ ወይም ከአንዱ ኮረብታ ላይ ቁልቁል የተመለከተ የአዲስ አበባ ሰው እነዚህን ሥዕሎች ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም። አረንጓዴ አብስትራክት በሚል ስም የሚታወቀው የ1966ቱ ሥዕል ግን ማንንም ሆነ ምንንም አያሳይም፤ ቀለሙን ራሱን ብቻ ያሳያል።

ገጣሚውና ሐያሲው ሰሎሞን ደሬሳ እ.ኤ.አ. በ1967 ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር በተባለው መጽሔት ላይ ስለ ገብረ ክርስቶስ በጻፈው ጽሑፍ የሥዕሎቹን ቀለም ጭፍግግታና የግጥሞቹን ድግምት መሰል ኃይል አንድ ላይ አያይዞ ተመልክቷል። ይህ አመለካከት እስከ ዛሬም ይሠራል። ጥቁሩ፣ ቡናማውና ጥልቁ ሰማያዊ የበዙባቸው ሥዕሎች ግጥሞቹን ያነበበ ሰው ሲያያቸው ድምፅ ያላቸው ይመስላሉ።

እ.ኤ.አ. በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ድርጅት የሥነ ጥበብ ሽልማት ተሰጣቸው። ከእርሳቸው ቀደም ብሎ በ1964 አፈወርቅ ተክሌ፣ ከእርሳቸው በኋላ ደግሞ በ1967 እስክንድር ቦጎሲያን ይህንኑ ሽልማት ተቀብለዋል። በአራት ዓመታት ውስጥ የተሸለሙት ሦስቱ ሰዎች በአሣሣል ስልት አንዳቸውም ሌላውን አይመስሉም። በአንድ በኩል ሲታይ ሽልማቱ ከተመልካቹ ቀድሞ ነበር፤ በከተማው ውስጥ ገና ክርክር ያልበረደለት ሠዓሊ በንጉሠ ነገሥቱ እጅ መሸለሙ ለዘመናዊ ሥዕል በይፋ በር እንደመክፈት ተቆጥሯል።

ይሁንና ከሽልማቱ ይልቅ ዘላቂ ሆኖ የተገኘው በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ያስተማሩባቸው ዓመታት ፍሬ ነው። ገብረ ክርስቶስ ከጀርመን ከተመለሱበት ጊዜ አንሥቶ አገር ጥለው እስከወጡ ድረስ ለአሥራ አምስት ዓመታት ያህል አስተምረዋል። እስክንድር ቦጎሲያን ከ1966 እስከ 1969 በዚሁ ትምህርት ቤት አብረዋቸው ስላስተማሩ፣ በእነዚያ ዓመታት የነበሩ ተማሪዎች ሁለት ፈጽሞ የተለያዩ ዘመናዊ ሠዓልያን በአንድ ጣራ ሥር አግኝተዋል። በፊደላት ቅርጽ ላይ በተመሠረቱ ሥዕሎቹ ዓለም አቀፍ ዝና ያተረፈው ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ በዚያ ትውልድ ከተማሩት አንዱ ነው። ትምህርት ቤቱ ዛሬ በመሥራቹ ስም አለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ተብሎ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይገኛል።

ገብረ ክርስቶስ በአገራቸው ሰው ልብ ውስጥ የቀሩት ግን በሥዕላቸው ብቻ አይደለም። በርካታ አንባቢ የሚያውቃቸው በግጥማቸው ነው። ከግጥሞቻቸው መካከል ሀገሬ የተሰኘው በሰው አገር ያለን ኢትዮጵያዊ ናፍቆት የሚገልጽ ሲሆን፣ በትምህርት ቤትና በመድረክ ለዘመናት ሲነበብ ኖሯል። መንገድ ስጡኝ ሰፊ የተባለው ደግሞ ከጠባብ ነገር ሁሉ የመውጣት ጥማት ነው። በአማርኛ ግጥም ውስጥ በተለመደው የቤት አመታት ላይ ሳይወሰኑ ስንኞችን እያሳጠሩና እየቆራረጡ የጻፉ በመሆናቸው፣ በሥዕል የገጠማቸው ተቃውሞ በግጥምም አልቀረላቸውም። ሆኖም ግጥም ሰሚ በሥዕል ተመልካች ዘንድ ያልነበረ ትዕግሥት ነበረው። በሕይወት ሳሉ ግጥሞቻቸው በአንድ መጽሐፍ ተጠቃለው አልወጡም።

የ1966 ዓ.ም አብዮት ሲፈነዳ ገብረ ክርስቶስ በአርባዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበሩ። አዲሱ መንግሥት ከሥነ ጥበብ የሚፈልገው ሠራተኛውን፣ ገበሬውንና ወታደሩን በግልጽ የሚያሳይ፣ ከሩቅ የሚነበብ ሥዕል ነበር። ፖስተርና የአደባባይ ምስል የዘመኑ ቋንቋ ሆነ። ረቂቅ ሥዕል የሚሥል መምህር በዚያ ጊዜ የነበረው ቦታ እየጠበበ ሄደ። ከዚያ በላይ ደግሞ የቀይ ሽብር ዓመታት ወጣት ተማሪዎችን ከየክፍሉ እየለቀሙ የወሰዱባቸው ዓመታት ናቸው።

በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970ዎቹ መጨረሻ ገብረ ክርስቶስ አገራቸውን ለቅቀው ወጡ። መጀመሪያ በወጣትነታቸው ወደተማሩባት ጀርመን፣ ቀጥሎም ወደ ዩናይትድ ስቴትስ አሜሪካ አቀኑ። በስደት ያረፉባት ሎተን የምትባለው የኦክላሆማ ከተማ ከኢትዮጵያውያን መሰባሰቢያ ከተሞች የራቀች፣ በሜዳማ ምድር ላይ ያለች የጦር ሠፈር ከተማ ናት። የሥነ ጥበብ ማኅበር፣ ተማሪዎችና የሚያውቁት ቋንቋ በሌለበት ቦታ የነበራቸው ዕድሜ አጭር ሆነ። መጋቢት 21 ቀን 1973 ዓ.ም በዚያው አረፉ። ገና ሃምሳ ዓመት አልሞላቸውም ነበር። የአገር ናፍቆትን በግጥም የጻፉ ሰው ያንኑ ናፍቆት ኖረው ማለፋቸው አንባቢዎቻቸውን እስከ ዛሬ ያሳዝናል።

በሕፃንነታቸው የያዛቸውን በሽታ በተመለከተ አንድ ነገር ማስታወስ ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት ሥጋ ደዌን ሙሉ በሙሉ የሚፈውሰውን የጥምር መድኃኒት ሕክምና እንዲሰጥ የመከረው እርሳቸው ካረፉ በኋላ ነው። በአዲስ አበባ የአለርት ሆስፒታል በ1965 ሥራ በጀመረበት ዘመን የነበረው ሕክምና ረጅምና አድካሚ ነበር።

ከሞታቸው በኋላ ሥዕሎቻቸው ተበታትነው ቆዩ። የተወሰኑት በአገር ውስጥ በግለሰቦችና በተቋማት እጅ፣ የተወሰኑት ደግሞ በጀርመን ተቀምጠው ነበር። ሸራ እርጥበትና ብርሃን የሚያጠፋው ነገር በመሆኑ፣ ባለቤት ያጣ ሥዕል ከባለቤቱ ብዙ አይዘገይም። ለአገሪቱ ዘመናዊ ሥዕል መነሻ የሆነ የአንድ ሰው የሕይወት ሥራ ጨርሶ ሊረሳ ይችል ነበር። በጀርመን የነበሩት ሥዕሎች ወደ ኢትዮጵያ እንዲመለሱ በመደረጉና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከጀርመን የባህል ተቋም ከጎተ ኢንስቲትዩት ጋር በመተባበር ቤት በማዘጋጀቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ሙዚየሙ በስማቸው ተከፈተ። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1998 ዓ.ም ግጥሞቻቸው መንገድ ስጡኝ ሰፊ በሚል ርእስ በመጽሐፍ ታትመው ወጥተዋል። ሠዓሊው ካረፉ ሩብ ምዕት ዓመት ካለፈ በኋላ በሁለት ዓመታት ልዩነት መጽሐፋቸውም ቤታቸውም ተገኘ ማለት ነው።

ከጉራጌ ምድር ወደዚህ ቤት የሚመጣ ጎብኚ ጉዞውን ገና ከመንገዱ ላይ ሊጀምር ይችላል። በ2015 ዓ.ም ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ከተመሠረተ ወዲህ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ከሆነችው ከቡታጅራ የተነሣ መንገደኛ በሶዶ ምድር ሲያልፍ የጢያን ትክል ድንጋዮች ያገኛል። በቦታው 36 ትክል ድንጋዮች ሲኖሩ 32ቱ ቅርጽ የተቀረጸባቸው ናቸው። በአብዛኞቹ ላይ የሚታየው ሰይፍ ሲሆን፣ ከሰይፉ በተጨማሪ ትርጉማቸው ገና ያልተፈታ ምልክቶችም አሉ። በተደረገው ቁፋሮ ቦታው መካነ መቃብር እንደነበረ ተረጋግጧል። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት በዓለም ቅርስነት የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። የድንጋዩን ጠራቢዎች ስም የሚያውቅ የለም፤ ነገር ግን የሰውን ልጅ ሞት በጥቂት መስመሮች ብቻ የገለጹበት መንገድ ለረቂቅ ሥዕል ዓይንን የሚያዘጋጅ ከመሆኑ የተነሣ፣ ጢያን አይቶ ስድስት ኪሎ የገባ ሰው ከሌላው ጎብኚ ይልቅ ብዙ ያያል። ከጢያ ወደ ሰሜን ሲቀጥሉ አዋሽን ሳይሻገሩ የሚገኘው መልካ ቁንጥሬ ደግሞ የጥንት ሰው የድንጋይ መሣሪያዎች የተገኙበት ሥፍራ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ከወልቂጤ የሚነሣ መንገደኛ በጅማው መንገድ በወሊሶና በቱሉ ቦሎ አድርጎ ይመጣል። በዚህ መስመር የጢያን ያህል ድንጋይ ባይኖርም፣ ከወልቂጤ ወደ ቸሃና ወደ እዣ ገጠር ዘልቆ ጀፎረን ያላየ ሰው ስለ አደባባይ ጥበብ የሚያውቀው ጎዶሎ ነው። ጀፎረ በሁለት ረድፍ በተሠለፉ ጎጆዎች መካከል የተዘረጋ ሰፊ ሣር የለበሰ የጋራ ጎዳና ነው። ልቅሶው፣ ሠርጉና የመስቀል ጨዋታው የሚካሄድበት ይህ ቦታ ስፋቱና ቀጥታው በማኅበረሰቡ ሥርዓት የሚጠበቅ ነው። የከተማ አደባባይ ከመታቀዱ በፊት የታቀደ አደባባይ መሆኑ ነው።

አዲስ አበባ ሲደርሱ ጉብኝቱን ከስድስት ኪሎ መጀመር ይመረጣል። በዩኒቨርሲቲው ዋና ግቢ፣ ቀድሞ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በነበረው ሕንፃ ውስጥ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ጥንታዊ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎችንና መስቀሎችን ይዟል። አስቀድሞ እነዚህን ማየት የገብረ ክርስቶስ አባት የነበሩበትን ዓለም ማየት ነው። ከዚያም ወጥቶ በአደባባዩ መካከል የቆመውን፣ በ1937 በፋሺስቶች የተጨፈጨፉትን የሚያዘክረውንና የዩጎዝላቪያ ቀራፂዎች የሠሩትን የየካቲት 12 ሐውልት መመልከት፣ ቀጥሎም ወደ ልጅየው ሥዕሎች መግባት ነው። በአንድ ግማሽ ቀን በእግር ብቻ ከብራና እስከ አብስትራክት ያለው መንገድ ያልቃል።

ቀን የተረፈው ሰው ወደ አምስት ኪሎ ወርዶ ብሔራዊ ሙዚየምን፣ በማግሥቱም ከብሔራዊ ቴአትር ፊት ለፊት ያለውንና የፈረንሳዊው የሞሪስ ካልካ ሥራ የሆነውን የድንጋይ አንበሳ ማየት ይችላል። የአፍሪካ አዳራሽ ዕድሳቱ ተጠናቆ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 ዳግም ተከፍቷል፤ የአፈወርቅን መስታወት ለማየት ግን የተባበሩት መንግሥታት ግቢ በመሆኑ አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል። በፒያሳ የካቲት 2016 ዓ.ም የተመረቀው የዐድዋ ድል መታሰቢያም ራሱን የቻለ ሰዓት የሚወስድ ነው። ተማሪዎችን ይዘው የሚመጡ ትምህርት ቤቶች ሁሉንም በአንድ ቀን ለማዳረስ ከሚጣደፉ በሁለት ቀን ከፍለው፣ የመጀመሪያውን ለስድስት ኪሎ ብቻ ቢተዉት ልጆቹ ድካሙን ሳይሆን ሥዕሉን ያስታውሳሉ። በጉዞው ዋዜማም መንገድ ስጡኝ ሰፊን በክፍል ውስጥ ማንበብ ከማንኛውም የአስጎብኚ ገለጻ ይበልጣል።

በስማቸው የተሰየመው ቤት የእርሳቸውን ሥራ ብቻ የሚያሳይ አይደለም። በሕይወት ያሉ ሠዓልያንም ዐውደ ርእይ ያቀርቡበታል። እ.ኤ.አ. በ2016 በዓለም ላይ ከፍተኛ ዝና ካላቸው የዘመኑ ሠዓልያን አንዷ የሆነችው ጁሊ ምሕረቱ ሥራዎቿን በዚህ ሙዚየም አሳይታለች። ጁሊ በ1970 በአዲስ አበባ ተወልዳ በ1977 ከወላጆቿ ጋር ከአገር የወጣች ናት፤ ገብረ ክርስቶስም ከዚያ ብዙም ሳይቆዩ በዚያው የስደት መንገድ ወጥተዋል። ረቂቅ የሆኑት ግዙፍ ሸራዎቿ በተወለደችበት ከተማ የተሰቀሉት በእርሳቸው ስም በሚጠራው ቤት ግድግዳ ላይ ነው።